«ዊንጌት፣ ዊንጌት፣ አንድ ሰው!»

(የአርበኞች ቀንን ምክንያት በማድረግ በአንድ የንባብ ክበብ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ፊት ለፊት ሦስት ወንበር ባዶ ነው። አስተማሪ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ስኖር ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ የሚወድ ሰው አላየሁም፤ ዛሬም አላየሁም።

ወደዚህ የመጣሁት በታክሲ ነው። ፒያሳ ቆሜ ወያላው ይጣራል፦ «ዊንጌት፣ ዊንጌት፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው የሞላ!» አንዱ ሰው እኔ ሆንኩና ገባሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁና አላስቻለኝም። ሒሳብ ስሰጠው «ለመሆኑ ዊንጌት ማነው?» አልኩት። ግራ ተጋባ። «ሰፈር ነዋ ፋዘር» አለኝ። ከጎኔ የተቀመጠች ተማሪ ሳቀችና «ኧረ ትምህርት ቤት ነው» አለችው። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ደግሞ «ጄኔራል ነው፣ እንግሊዝ ነው» አለ። ሦስቱም ልክ ናቸው። የዛሬው ወሬዬም ይኸው ነው፤ አንድ ሰው እንዴት አድርጎ ሰፈር ይሆናል?

ሙሉ ስሙ ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት ነው። የካቲት 19 ቀን 1895 ዓ.ም. ሕንድ አገር፣ ናይኒ ታል በምትባል ደጋ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር መኮንን ነበር። ቤተሰቡ ጥብቅ ፕሮቴስታንት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጠዋት ማታ የሚነበብበት ቤት። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ጎጃም ውስጥ እናገኘዋለን። መድፈኛ መኮንን ሆኖ ተመረቀ፣ ዐረብኛ ተማረ፣ ሱዳን ተመደበ። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል በእኛ ድንበር አካባቢ የዝሆን ጥርስ አዳኝና ባሪያ ፈንጋይ ሲያባርር ኖረ። እና ጎጃም ሲገባ ቆላውን ጭራሽ የማያውቅ እንግዳ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ፍልስጤም። እ.ኤ.አ. በ1936 እዚያ ሲደርስ አገሩ በእንግሊዝ እጅ ነው፣ ዐረቦቹ አምጸዋል። ብዙ የእንግሊዝ መኮንን ለዐረቦቹ ሲያደላ እሱ ከአይሁዶቹ ጋር ተወዳጀ። ዕብራይስጥ ተማረ። በ1938 ሌሊት ሌሊት የሚወጣ ልዩ ቡድን አቋቋመ፤ እንግሊዝና አይሁድ ወታደር ቀላቅሎ። በኋላ የእስራኤል የጦር መሪዎች የሆኑት ሞሼ ዳያንና ይጋል አሎን ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። አይሁዶቹ «ሃ-የዲድ» አሉት፤ ወዳጁ ማለት ነው። ሌላውንም ወገን መናገር አለብኝ። ያ ቡድን የዐረብ መንደሮችን በሌሊት እየደበደበ፣ በጅምላ እየቀጣ ነው ስሙን ያተረፈው። ፍልስጤማዊ ፊት «ወዳጁ» ብትሉ ምን እንደሚላችሁ መገመት አያቅትም። አለቆቹም አልወደዱትም። በ1939 ወደ አገሩ ሲመልሱት ፓስፖርቱ ላይ «ወደ ፍልስጤም እንዳይመለስ» የሚል ቃል አኖሩበት። የመጀመሪያውን ዲ.ኤስ.ኦ. የሚባለውን የእንግሊዝ የጦር ኒሻን ያገኘው ግን እዚያው ነው። በአንድ እጅ ኒሻን፣ በሌላው እጅ ማባረሪያ። ይህ ነገር በሕይወቱ ደጋግሞ ይመጣል፤ ልብ በሉት።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

በ1932 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጣሊያን ጦርነቱ ውስጥ ሲገባ ጃንሆይ ከእንግሊዝ አገር በአውሮፕላን ተነሥተው በግብፅ በኩል ካርቱም ገቡ። ጎጃምና ሸዋ ውስጥ አርበኛው አራት ዓመት ሙሉ ሲዋጋ ነበር። ከውጭ የጎደለው መሣሪያና ገንዘብ ነው። እንግሊዞቹ መጀመሪያ የላኩት ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድን ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ሙሉ በምትባል ቦታ እርሻ የነበራቸው፣ አማርኛ የሚችሉ ሰው። በክረምቱ አጋማሽ ጎጃም ገብተው ከአርበኞቹ ጋር ተገናኙ። ዊንጌት ካርቱም የደረሰው ከእርሳቸው በኋላ፣ በኅዳር ገደማ ነው። ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም። ሳንፎርድ ረጋ ያሉ፣ አገሩን የሚያውቁ። ዊንጌት ደግሞ የሚቸኩል፣ የሚቆጣ፣ አለቃውንም ምንዝሩንም የሚያበሳጭ። ለማንም ብላችሁ አታማርጡ፤ ያለ ሁለቱም ነገሩ አይሆንም ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ፣ የሱዳን ድንበር ላይ። የጥምቀት ማግስት ነው፣ ቃና ዘገሊላ። አዲስ አበባ ጣሊያን እያየ ታቦተ ሚካኤል ወደ ደብሩ ሲመለስ፣ ጃንሆይ በደረቀው የወንዝ አሸዋ ላይ ቆመው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። አብረዋቸው አልጋ ወራሹ፣ የሐረሩ መስፍን፣ ራስ ካሣ፣ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ፣ ሎሬንሶ ታዕዛዝ አሉ። ዊንጌትም አለ። ቀኑን ማን እንደመረጠው ባላውቅ ይሻለኛል፤ የመረጠው ሰው ግን የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ጠንቅቆ ያውቃል።

ዊንጌት ያንን ትንሽ ጦር ስም ሰጠው፦ የጌዴዎን ኃይል። የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ መጣ ማለት ይኸው ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ ሰባት፤ ጌዴዎን በ300 ሰው፣ ቀንደ መለከትና ማሰሮ ይዞ የምድያምን ጭፍራ ሲያተራምስ። የዊንጌት ጦር ከ2,000 አይበልጥም። ገሚሱ የሱዳን ወታደር ነው። ሌላው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነው፤ ከኬንያ የስደተኛ ካምፕ የተመለመሉ የእኛ ልጆች። ፊት ለፊታቸው ጎጃም ውስጥ ያለው የጣሊያን ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ማሰሮው ማን ነው ካላችሁኝ፣ አርበኛው ነው። ጣሊያኑ ሌሊት ሲያየው ጫካው ሁሉ እሳት ነበር።

ስለ ግመሎቹ ሳልነግራችሁ አላልፍም። መንገድ የለም፣ መኪና አይገባም። ስለዚህ ከሱዳን ወደ 15,000 ግመል ተነዳ። ግመል የአሸዋ እንስሳ ነው። በድንጋይና በቀርከሃ አቋርጦ ወደ በላያ ተራራ ውጣ ሲሉት ምን ይሁን? ይወድቃል። ጠዋት ሲነሡ የወደቀው አይነሣም። ጥይቱና ዱቄቱ ወርዶ ሌላው ላይ ይጫናል፣ እሱም ይወድቃል። ከኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱን የሚለየው በሽታው ነበር፤ የሞተ ግመል እያሸተተ ነበር የሚከተለው። ከ15,000ው ጉዞውን የጨረሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የግመሎቹን ጌቶች፣ የሱዳን ባላገሮችን፣ ማንም በስም አልመዘገባቸውም።

ሰውየውንም እዚህ ላይ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጢሙን አሳድጓል። ዕድሜ የጠገበ የሙቀት አገር ባርኔጣ አድርጓል፣ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ እንኳ ሰው የተወው ዓይነት። የእጅ ሰዓት የለውም፤ የሚጮኽ የደወል ሰዓት ነው ይዞ የሚዞረው። ስብሰባ መሃል ይጮኻል፣ አጥፍቶ ይቀጥላል። ውሃ ሲጠፋ ገላውን በብሩሽ እየፈገፈገ ያጸዳል። ቀይ ሽንኩርት ደግሞ እንደ ብርቱካን ልጦ ጥሬውን ይገምጣል። በፆም እንኳ ሽንኩርቱን ማቁላላት የማይተው የጎጃም ገበሬ ይህን ሲያይ ምን ብሎ እንደሚያወራ ይታያችሁ።

ከበላያ ወደ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ደምበጫ። ብዙ ጦርነት የተካሄደው በሌሊት ነው፤ መትቶ መሸሽ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ መምታት። ጣሊያኑ ምሽጉን እየለቀቀ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ መሃል አንድ ቀን ነገር ተበላሸ። የካቲት 27 ቀን፣ ደምበጫ አጠገብ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከቡሬ የሚሸሸው ጣሊያን መንገድ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። የሚመጣው ሺህ በሺህ ነው፣ እነሱ የተወሰኑ መቶዎች። መሸሽ ይችሉ ነበር። አልሸሹም። ጣሊያኑ መጨረሻ ላይ ጥሶ አለፈ፤ ግን ዋጋ ከፍሎ አለፈ። ጦርነቱ ሲነሣ የሚጠራው ዊንጌት ነው። እኔ ግን ያንን ቀን ዊንጌት አልነበረም የተዋጋው ማለት እወዳለሁ። ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ሽርጥ ታጥቆ ራሽን ሲጠብቅ የነበረ ልጅ ነው።

መጋቢት 26 ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቀቀ። ከተማዋን ይዘው የቀሩት ከጣሊያን ጋር የቆዩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። መጋቢት 28 ጃንሆይ ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጅ ነሡ። በዚያው ዕለት፣ በዚያው መጋቢት 28፣ ከኬንያ የመጣው የእንግሊዙ የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ገባ። ዋና ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ናቸው። እና እንግሊዞቹ «ትንሽ ይቆዩ» አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጣሊያናዊ ሴትና ሕፃን አለ፣ በቀል ይነሣል የሚል ነው ምክንያቱ። ሌላም ምክንያት ነበር ብላችሁ ብትጠረጥሩ ብቻችሁን አይደላችሁም። ጃንሆይ ሦስት ሳምንት ያህል ቆዩ። ዊንጌት በዚህ ተናዶ ነበር። እሱ ከመጀመሪያውም ይህ አገር የራሱ ንጉሥ ያለው አጋር ነው፣ የተማረከ ምድር አይደለም ብሎ የሚከራከር ሰው ነው። በእንግሊዞቹ መካከል ይህን የሚሉ ብዙ አልነበሩም።

ያመለጠም ነገር አለ። ከደብረ ማርቆስ የወጣው የጣሊያን ጦር አባይን ተሻግሮ ሄደ። ዊንጌት መሻገሪያው ላይ በላይ ዘለቀ ይቀበላቸዋል ብሎ ነበር የተማመነው። ምሥራቅ ጎጃም በበላይ እጅ ነው። ግን ጣሊያኖቹ ተሻገሩ። ለምን? ይህ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል፣ ዛሬ ማታ አልፈታውም። ስለ በላይ ግን እመለሳለሁ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስት ዓመቱ ጃንሆይ ገቡ። መንገዱን የአበበ አረጋይ አርበኞች ሞልተውታል፤ ጎፈሬው፣ ቆዳው፣ ከጣሊያን የተማረከው ጠመንጃ። ጃንሆይ በመኪና ናቸው። ከፊት ነጭ ፈረስ ላይ ዊንጌት፣ ከኋላው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ። ይህ በሕይወቱ ያገኘው ትልቁ ክብር ይመስለኛል። ኒሻን አይደለም። ከደምበጫ የተረፉትን ልጆች አስከትሎ በእንጦጦ ቁልቁል መውረድ።

አላበቃም ደግሞ። ብዙም ሳይቆይ ከራስ ካሣ አርበኞች ጋር ያንኑ አባይን የተሻገረውን ጦር ተከትሎ አጅባር ድረስ ወጣ። ከ7,000 የሚበልጥ ጦር ነው፣ የሚያባርረው ጥቂት ነው። ለጣሊያኑ አዛዥ ለኮሎኔል ማራቬንታኖ ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ፦ እጅህን ካልሰጠህ እኔ የእንግሊዝ መኮንኖቼን ይዤ እሄዳለሁ፣ ከአርበኞቹ ጋር ራስህ ተነጋገር። ኮሎኔሉ ቢያስበው ቢያስበው የመጀመሪያው ይሻል ነበር። በግንቦት አጋማሽ እጁን ሰጠ።

ከዚያስ?

ከዚያ ዊንጌት ላይ የደረሰውን ስነግራችሁ «የጀግና ክብር» የምንለው ነገር ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። የጌዴዎን ኃይል ፈረሰ። ከኢትዮጵያ ቶሎ ውጣ ተባለ። ካይሮ ሲደርስ ማዕረጉ ከኮሎኔልነት ወደ ሻለቃነት ተመለሰ። ሰልፍ የለም፣ «እንኳን ደህና መጣህ» የለም። እሱን ይበልጥ ያነደደው ግን የራሱ ነገር አልነበረም። ለወታደሮቹ ኒሻን ጠይቆ ተከልክሏል፤ የተለየ አበል ጠይቆ ተከልክሏል። ቁጭ ብሎ ዘገባ ጻፈ። አለቆቹን ስም እየጠራ ወረፈ። ዘገባው ጠላት አበዛለት እንጂ ለማንም አልጠቀመም። ወባ ይዞታል፤ መድኃኒቱን ካለ ልክ እየወሰደ ነው። ሰኔ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ነጭ ፈረስ ላይ ከታየ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ካይሮ ሆቴል ውስጥ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ከጎኑ ክፍል የነበረ መኮንን ድምፅ ሰምቶ ደረሰለት። ተረፈ።

ይህን የምነግራችሁ ሐሜት ስለምወድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ይህ ክፍል ይዘለላል። ነጩ ፈረስ ይነገራል፣ ካይሮ ይዘለላል። እኔ ግን ተማሪዎቼን አስታምሬ ያወቅሁት ነገር ካለ፣ ከጦርነት የተመለሰ ሰው የሚደክመው በጦርነቱ ሳይሆን ከጦርነቱ በኋላ ባለው ዝምታ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ይህን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ለኢትዮጵያው ዘመቻ ዲ.ኤስ.ኦ.ውን ለሁለተኛ ጊዜ አገኘ። ሦስተኛውን ደግሞ በርማ።

በርማን ቶሎ ልለፈው፤ የኛ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 ወደ 3,000 ሰው ይዞ ከጃፓን ጦር ጀርባ ጫካ ገባ። ቺንዲት ተባሉ፤ የበርማ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ከሚቀመጠው ከአንበሳው ከቺንቴ የመጣ ስም ነው። ሲመለሱ ከአራት አንዱ ያህል የለም። ከወታደራዊ ጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል የሚሉ አሉ። ግን እንግሊዝ በእስያ እየተሸነፈች የድል ወሬ የራባት ጊዜ ነበርና ዊንጌት በአንድ ጊዜ ዝነኛ ሆነ። ቸርችል ኩቤክ ለነበረው ጉባኤ ይዞት ሄደ። ሜጀር ጄኔራል ሆነ። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የተሳፈረባት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ማኒፑር ውስጥ ተራራ ላይ ወደቀች። ዕድሜው 41 ነበር። ባለቤቱ ሎርና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጁ የተወለደው ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። ቸርችል ለፓርላማ ሲናገር ሊቅ ሰው ነበር፣ የዕጣ ፈንታ ሰውም ሊሆን ይችል ነበር አለ። አያችሁ፤ ካይሮ ሲዳክር ማንም ያላለውን ሲሞት አሉት።

እንግዲህ ወደ ክብሮቹ እንሂድ። አራት አገር አለን።

መጀመሪያ መቃብሩ። የሚገርማችሁ እንግሊዝ ውስጥ አይደለም። አውሮፕላኗ ስትወድቅ የሟቾቹን አስከሬን መለየት አልተቻለም። አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ናቸው። መንግሥታቱ ተነጋገሩና እ.ኤ.አ. በ1950 ሁሉም በአንድ ላይ ወደ አሜሪካ ተወስደው አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ። አርሊንግተን ቨርጂኒያ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ። የኛ ሰው በየማለዳው ታክሲውን ይዞ የሚያልፍበት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት አካባቢ። ዊንጌት ትምህርት ቤት የተማረ የኛ ሰው እዚያ መኪና ሲያቆም ጄኔራሉ አጥር ማዶ ተኝቶ ይሆናል።

ሁለተኛ ለንደን። ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከመከላከያ ሚኒስቴሩ አጠገብ፣ የቺንዲቶቹ ሐውልት አለ። ጫፉ ላይ ያ የበርማ አንበሳ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1990 ነው የተመረቀው፤ ከሞተ በ46 ዓመቱ። ጦሩ በስሙ ለመጥራት ጊዜ ወስዶበታል።

ሦስተኛው እስራኤል ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ኔታንያ አጠገብ አገሪቱ አሉኝ የምትላቸውን ስፖርተኞች የምታሠለጥንበት የዊንጌት ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመ ነው። እስራኤል ውስጥ «ዊንጌት» ብትሉ ሰው የሚያስበው ሩጫና ጂምናስቲክ ነው፤ ጌዴዎንን አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ያለው የሚን ኦርድ የሚባለው የወጣቶች መንደር ነው። በ1953 ተመሠረተ፣ በእሱ ስም። ከየአገሩ የመጡ፣ ወላጅ የሌላቸው ወይም ከወላጅ የራቁ ልጆች ያድጉበታል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ብዙዎቹ የኛ ልጆች ናቸው። በሱዳን በኩል በእግር የመጡ። ጎንደር ተወልዶ፣ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ወንድሙን ቀብሮ፣ ቀርሜሎስ ላይ አልጋ የተሰጠው ልጅ «ኦርድ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ወደ ተወለደበት አገር ይመልሰዋል። ያ ሰው ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ የገባበትና ልጁ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን የወጣበት ድንበር አንድ ነው። ይህን ማንም አላቀደውም። እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ደስ ይለኛል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አራተኛው እኛ። ጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ተከፈተ። የብሪቲሽ ካውንስል ይረዳው ነበር፣ እንግሊዝ መምህራን ነበሩት፣ ከየክፍለ ሀገሩ ጎበዝ ጎበዙ እየተለየ ይገባበት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መለስ ዜናዊ እዚያ ነው የተማሩት። ሚኒስትሩም፣ ሐኪሙም፣ የተማሪ አብዮተኛውም ከዚያ ወጥቷል። ኋላ ወደ ሙያ ማሠልጠኛነት ተለውጦ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ደርግ መጣ፣ ስንት ስም ተነቀለ፣ ስንት አደባባይ ተጠመቀ። ዊንጌት ግን ቀረ። ለምን ይመስላችኋል? እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። ታክሲው ስላዳነው ነው። መንግሥት ሐውልት ማፍረስ ይችላል። የታክሲ ማቆሚያ ስም ግን ማን ይቀይራል? ስንቱ ሰፈር በወረቀት ሌላ ነው፣ በወያላ አፍ ሌላ።

አንድ ነገር ታዝባችሁ ይሆን? «ጄኔራል» ዊንጌት እንላለን። እኛ ጋ በነበረ ጊዜ ጄኔራል አልነበረም። ኮሎኔል ሆኖ ተዋጋ፣ ሻለቃ አድርገው አስወጡት። ጄኔራልነቱ የበርማ ነው። ትምህርት ቤታችን የያዘው በሌላ ሰው ጫካ ውስጥ የተገኘ ማዕረግ ነው። እና ያ ያልተስማማው ሳንፎርድስ? እርሳቸውም አልቀሩም። ባለቤታቸው ክሪስቲን የጀመሩት ትምህርት ቤት ዛሬም ሳንፎርድ ይባላል። ካርቱም ላይ የተጣሉት ሁለት ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት ሆነው ይኖራሉ። ልጆቻችሁ እግር ኳስ ገጥመው ይሆናል።

አንድ ወንድማችን ቅድም ገና ሳልጀምር «ለፈረንጅ ይህን ሁሉ ክብር ስንሰጥ የራሳችንን ምን አደረግን?» ብሎ ጠየቀኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለዚህም ነው በላይ ዘለቀ ጋ እመለሳለሁ ያልኩት። በላይ አምስት ዓመት ተዋጋ። ዊንጌት ጎጃም ውስጥ የቆየው ለጥቂት ወራት ነው። ነፃነቱ ከተመለሰ በኋላ በላይ ደጃዝማችነት ተሰጠው፣ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፣ ተያዘ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዓመት ቆጠር ቆጠር ካደረጋችሁ፣ በላይ በተሰቀለ ጊዜና የዊንጌት ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ መካከል ያለው ሁለት ዓመት አይሞላም። ዛሬ በላይም በስሙ መንገድ አለው፤ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ነው። መጥቷል፣ ግን ስንት ዘመን ፈጅቶ!

እኔ የዊንጌት ስም ይነቀል ከሚሉት አይደለሁም። ለዚህ አገር የታገለ ሰው ነው፣ ለወታደሮቻችን ኒሻን ሲጠይቅ ራሱን የጎዳ ሰው ነው። እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዚያ የሁለተኛው ሻለቃ ልጆች ስም የት አለ? ደምበጫ ላይ የወደቁት? ነጩን ፈረስ የተከተሉት? እነሱን የሚጠራ አንድ ማቆሚያ እንኳ አላውቅም።

ስለ ወያላው ጨርሼ አልነገርኳችሁም። ዊንጌት ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ተነሣሁ። በሩን ይዞ «ፋዘር፣ ምር ግን ማን ነበር?» አለኝ። ሹፌሩ ጡሩንባ ይነፋል፣ ከኋላ የቆመው መኪና ይነፋል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ምን ልበለው? «በጣሊያን ጊዜ ከአርበኞቹ ጋር ጎጃም የተዋጋ እንግሊዝ ነው፣ ቡሬ፣ ደምበጫ» አልኩት።

«ቡሬ? አያቴ እኮ የቡሬ ነው! አርበኛ ነበር ይሉናል» አለኝ።

«ስሙ ማነው?» ብዬ ዞርኩ። ታክሲው ተነሥቷል። በመስኮቱ ወጥቶ የሆነ ነገር ጮኸልኝ፣ ጡሩንባው ዋጠው። ቀጥሎ የሰማሁት «አስኮ፣ አስኮ፣ ሁለት ሰው!» የሚለውን ነው።